ሱፍ ነው ብየ ያጠጣኋት ወተት

እናቴን ከቁሐር ሚካኤል ወደ ወረታ ያመጣኋት በሁዳዴ መግቢያ፣ በዘወረደ ሳምንት ነው። በባጃጅ ስንመጣ ሜዳው በግራም በቀኝም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት ያ ሁሉ መሬት በጋ ሲሆን እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ይሆናል። ሩዙ ታጭዶ አልቋል፤ እርጥበቱን ተከትሎ የተዘራው ጓያ ብቻ እዚህም እዚያም ይታያል። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታስላለች። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየት እያደረገ፣ "እማማ፣ ቀስ ልበልልዎ?" አላት።

"ቀስ ካልህማ ፋሲካ መንገድ ላይ ይደርስብናል። ንዳው ልጀ።"

እንዲህ ነበረች። ሳሏ ጎኗን ቀስፎ ይዟት እንኳ ሰው ታስቃለች።

የሳንባ በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት የተጀመረላት በጥር መጨረሻ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ የሚዋጥ። መድኃኒቱን የሚሰጣት ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚህ የተቀጠረ ነው። ካርዷን ይዞ የሚያየው እሷን ሳይሆን እኔን ነበር። "መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም" አለኝ። "ክብደታቸው በጣም ወርዷል። ወተት ይጠጡ፣ እንቁላል ይብሉ፣ ከተቻለም ሥጋ። ካልበሉ መድኃኒቱ ራሱ ይጥላቸዋል።"

እናቴ ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን እያጠለቀች ሰማችው። "ወተቱ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። አንተ ብቻ ኪኒኑን አትከልክለኝ፤ ደግሞም ጧት አይሆንልኝም፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው የምመጣው" አለችው። ልጁ ሳቀ፤ በሰዓቱ ተስማማላት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። አልበላም ካለች አትበላም።

ለምን እንደማትበላ ለመናገር ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ።

እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ሲያጠና ነው። እሱ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብየ ጥጥ እየፈለቀቅሁ አያለሁ። ስለዚህ ሀሁን የተማርሁት ተገልብጣ ነው። ኋላ መጽሐፍ በእጄ የገባ ጊዜ ገልብጨ ይዠው ወንድሜ ሆዱን ይዞ እስኪንከባለል ሳቀብኝ። ዛሬም ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያነብ ከእሱ ቀድሜ እጨርሳለሁ።

ይኸ ወንድሜ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ በኩል ወረደ። ኅዳርን ሳላሳልፍ እመጣለሁ ብሎ ነበር የሄደ፤ አልመጣም። አብረውት የወረዱት ልጆች ተመለሱ፤ አንዱ ተለይቶን ወደ ሌላ እርሻ ሄደ አለ፣ ሌላው ድንበር ተሻገረ አለ፣ ሦስተኛው ምንም አላለም፣ እናቴን ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጥ ነበር። ሞተ ያለን የለም። አለ ያለንም የለም። ሞተ ቢባል ለቅሶ ይቀመጡታል፣ ተዝካር ያወጡለታል፣ ሰው መጥቶ ያጽናናል። ለጠፋ ሰው ግን ምን እንደሚደረግ እኛ አገር ያስተማረን የለም።

እናቴ ያን ጊዜ ቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም ላይ ተንበርክካ ተሳለች። ልጄን እስክታመጣልኝ ድረስ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ አለች። ሁዳዴን ድሮም ትጾም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጾሙ ለእሷ ገመድ ሆነ። አንዱን ጫፍ እሷ ይዛዋለች፤ ሌላው ጫፍ፣ የት እንዳለ በማታውቀው ልጇ ወገብ ላይ ታስሯል። ለቀቅ ካደረገችው ይወድቃል። ይኸን በአፏ ነግራኝ አታውቅም፤ ግን ሲጨንቃት እጇን እንዴት እንደምትጨብጥ አያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የነፍስ አባታችን ከቁሐር ሊጠይቋት መጡ። እኔ ነበርሁ ልኬ ያስጠራኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሴ በሌለበት ቀን ሽንኩርት ሲያጠጡ ይውላሉ፤ እጃቸው ከመስቀሉ ይልቅ አካፋ የለመደ ነው።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ከሞት ወዲህ ማዶ።"

"ስሚኝማ። ሐኪሙ ያለውን ልጅሽ ነግራኛለች። ለታመመ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። እኔም ፈቅጄልሻለሁ፤ ወተቱን እንደ መድኃኒት አድርገሽ ጠጭው።"

"እርስዎስ ፈቀዱልኝ አባ። እኔ ግን የተሳልሁት ለእርስዎ አይደለም።"

"ኧረ አንች ሴት! በቅሎ እንኳ ብትሆኝ ልጓም ሲይዙሽ ትመለሽ ነበር።"

"በቅሎማ ልጅ የላትም። ምን አለባት።"

አባ ሊስቁ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ከዚያ ተዉት። ሲወጡ በር ላይ ይዘውኝ፣ "አታስገድጃት። ለአምላክ ስጫት" አሉኝ።

አላስገደድኋትም። ከማስገደድ የባሰውን አደረግሁ።

ሱፍን የማያውቅ ጾመኛ የለም። ፈላ ሲል ይወጣል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይታሻል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ የሚወርደው ነጭ ነው፣ ያላወቀ ሰው ወተት ነው ይለዋል። እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ እኔ ደግሞ በሩዝ አጥሚት ላይ ጨምሬ በዘጠኝ ሰዓት ለእናቴ እሰጣት ነበር። ሁለት ጊዜ ፉት ትላለች፣ "ጠገብሁ" ትላለች፣ ታስቀምጠዋለች። በቅድስት ሳምንት አንድ ማክሰኞ የዋጠችውን ኪኒን መልሳ አስታወከችው። ጀርባዋን ላጥባት ልብሷን ገለጥ ሳደርግ ትከሻዋ ላይ ያሉትን ሁለት አጥንቶች አየሁ። እንደ ማረሻ ጫፍ ወጥተው ነበር። ውሃውን አፈሰስሁላት፣ ጀርባዋን አደረቅሁላት፣ ጎኗን አስደገፍኋት፤ ከዚያ ጣሳ ይዠ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ከኋላችን የምትኖር እስላም ጎረቤት አለችኝ፤ አንዲት የፎገራ ላም አላት። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተው ነበር። ጣሳውን ስዘረጋላት አንዴ ጣሳውን አንዴ እኔን አየች።

"እኔም ጾመኛ፣ አንችም ጾመኛ። ይኸን ወተት ማን ሊጠጣው ነው? ድመት አሳደግሽ እንዴ?"

"ለሕፃን ነው።"

"የማን ሕፃን?"

"የዘመድ።"

ቀዳችልኝ። "አላህ ያሳድገው" አለች። ይኸ ምርቃት በጓሮው በኩል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

የመጀመሪያ ቀን ሁለት ማንኪያ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ግማሽ ስኒ። ዝንጅብል አበዛሁ፣ አብሽ ጨመርሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሱፉ ለስም ብቻ ቀረ። እናቴ ጸሎቷን ስትጨርስ ትቀመጣለች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ በላዩ ላይ በስመ አብ ብላ ታማትባለች። በዚህች ጊዜ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር ፈልጌ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

"ሱፉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወፈረ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"አዲስ ነው እማየ። ከይፋግ ገበያ ያመጣሁት ነው።"

"የይፋግ ሱፍ እንዲህ ነው? እኛ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንጠጣ ኖርን?" ከንፈሯን ላሰች። "በይ ሌላም ግዢ።"

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ደስ አለኝ። ደስታው ነው ዛሬ የሚያሳፍረኝ። እግዚአብሔርን አልለመንሁም፣ አላስቀየምሁትም፣ ዝም ብየ ተሻግሬው የሄድሁ መሰለኝ። አንተ ቆይ፣ እኔ ልያዛት ያልሁት መሰለኝ።

በመጻጉዕ ሳምንት ሚዛን ላይ ወጣች፤ ሁለት ኪሎ ጨምራለች። ልጁ እጁን አጨበጨበ። "ጎበዝ እማማ! ወተት ጀመሩ ማለት ነው።"

"የምን ወተት? ሱፍ ነው ልጀ። ሱፍና እግዚአብሔር።"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነብ ነበር፤ ስለ እጅ መታጠብ ይመስለኛል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የእኔና የእናቴ ነበር። በደብረ ዘይት ዕለት ግን በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ዱላ ይዛ፣ እየቆመች፣ ግን በእግሯ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ሴቶቹ ከበቧት። እናቴ ወሬ ከአፏ ሲወጣ ማር ነው፤ እኔ ይኸን ልማድ የወሰድሁት ከእሷ ነው። ጀመረች። "ሐኪሙ ወተት ጠጭ አለኝ። አባ እንኳ ጠጭ አሉኝ። እኔ ግን ጌታየ ሆይ፣ ያንተን ጾም ይዠ አንተ አትጥለኝም አልሁት። ይኸው፣ ሚዛኑ መሰከረ።" ሴቶቹ እልል አሉ።

ከዳር የቆመች አንዲት ሴት ነበረች። ቲማቲም ስትቸረችር የማውቃት ናት፤ ከእናቴ ጋር ያን ኪኒን ከአንድ መስኮት ነው የሚቀበሉት። ፊቷ ገርጥቷል፣ አንገቷ ቀጥኗል። ቀረብ ብላ፣ "እውነት ነው እማማ? በሱፍ ብቻ?" አለቻት።

"በሱፍ ብቻ ልጀ። በሚካኤል።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። የወሰነ ሰው አነቃነቅ ነው፤ ያስታውቃል። በሩ ላይ ሮጨ ደረስሁባት።

"አንች ብዪ። እባክሽ፣ ለአንች ሐኪሙ ያለውን ብዪ።"

"እናትሽ ያለችውን አልሰማሽም?"

"የእናቴ ነገር ሌላ ነው።"

"እግዚአብሔርስ ሌላ ነው?" አለችኝ። ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። በማግሥቱ በኪኒኑ መስኮት አየኋት። ግድግዳውን ይዛ ነበር የቆመችው።

እኔ የመሰለኝ አንድ ብርጭቆ ወተት ነበር የደበቅሁት። ለካ ውሸት ቆሞ ይሄዳል፣ የሰው ቤት ይገባል፣ የሌላ ሰው አፍ ይዘጋል።

በነጋታው ቁሐር ሄድሁ። አባ ማሳቸው ላይ ነበሩ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በሽንኩርቱ መደብ መካከል ውሃ ይመራሉ። ሞተሩ ይጮሃል። ጮኼ ነው የተናዘዝሁት እናንተየ፤ ኃጢአት እንዲህ በጩኸት ተነግሮ አያውቅም። አካፋቸውን ተክለው ሄደው ሞተሩን አጠፉት። ከዚያ ሁሉንም እንደገና ንገሪኝ አሉኝ።

ስጨርስ፣ "ወተቱን እኔው ፈቅጀ ነበር" አሉ። "በወተቱ ኃጢአት የለብሽም፣ በእሷም የለባትም። ውሸቱን ግን ማን ፈቀደልሽ?"

"ልትሞትብኝ ነበር አባ።"

"ልትሞት ትችላለች። አንች ሞትን ከለከልሽ?"

አባ ውሃው ላልደረሰበት መደብ አፈሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው መንገድ ከፈቱለት።

"እርስዎ ይንገሩልኝ" አልኋቸው።

"አይሆንም። በአንች አፍ የገባ በአንች አፍ ይውጣ። ያችንም የሌላ ሰው ልጅ አስቢ፤ ቀን አትስጭው።"

ያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ቤት ደረስሁ። እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ፣ ሻሿን አስተካክላ ብርጭቆዋን ትጠብቃለች። ባዶ እጄን ፊቷ ተንበረከክሁ። እንዴት እንዳልሁት አላስታውስም። ያለችውን ግን አስታውሳለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቅድስት ሳምንት።"

በጣቷ ቆጠረች። ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት። አራት ጣት አጥፋ እጇን አየችው።

"ሚዛኑስ?" አለችኝ። "ሚዛኑም የወተቱ ነበር?"

ግንባሬን ጉልበቷ ላይ ደፋሁ።

"እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። እልል አስባልሁ።" ድምፅዋ አልጨመረም። "እግዚአብሔር ብቻውን አነሰብሽ?"

"እማየ፣ አባ ፈቅደው የለ ወይ፤ ኃጢአት የለብሽም ብለዋል።"

"ለእኔ መች ፈራሁ? እኔ እዚህ ወተት ስጠጣ ያ ልጅ የት ሆኖ ምን ይሁን ብለሽ ነው?"

ይኸን ስትለኝ እጇ ተከፍቶ ነበር። የዘወትር ጭብጧ አልነበረም። ወንድሜን በአራት ሳምንት ወተት የጣልሁት እኔ እንደ ሆንሁ፣ እሷ ብቻ ሳትሆን እኔም ያን ሰዓት አመንሁ። ዛሬ ሰው "ይኸማ ከንቱ ነው፣ እግዚአብሔር እንዲህ አይነግድም" ይለኛል። እኔም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ያን የተከፈተ እጅ አልዘጋልኝም።

መጀመሪያ ያደረገችው ዱላዋን ማንሳት ነው። "ያችን ልጅ አሳይኝ" አለችኝ። ቲማቲሟን ዘርግታ ወደምትቀመጥበት ወሰድኋት። እናቴ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ፣ "ልጀ፣ እኔ በሱፍ አይደለም የዳንሁ። ወተት ጠጥቸ ነው። ዋሽቸሻለሁ፤ ዛሬውኑ ሄደሽ ጠጭ" አለቻት። ልጄ ናት ያታለለችኝ አላለችም። ከጎኗ የተቀመጡት ቸርቻሪዎች ተያዩ። አንዷ፣ "ውይ፣ እኛን እልል አስብላ!" ስትል ሰማሁ። እናቴም ሰማች። ቀና ብላ፣ "እልልታችንን መልሽልን እንዳትሉኝ፤ የለኝም" አለቻቸውና ዞራ ሄደች። ያች ቲማቲም ሻጭ ተረፈች፤ ዛሬም እዚያው ናት። እኔን ግን ሰላም አትለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከእጄ እህል አልቀመሰችም። አልተቆጣችኝም፣ አልሰደበችኝም። ወጥ ሠርቸ ሳቀርብ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች፤ አትነካውም። ራሷ ቂጣ ትጋግራለች፣ በጨውና በውሃ ትበላለች። ያን ኪኒን በዚህ ቂጣ ላይ ነበር የምትውጠው። እስላሟ ጎረቤቴ ነገሩን ሰምታ እያለቀሰች መጣች።

"እማማ፣ እኔ ለሕፃን መስሎኝ ነው። ወላሂ አላወቅሁም።"

"አንች ምን አደረግሽ? ላም አለችሽ፣ ወተት ሸጥሽ። ቁጭ በይ" አለቻት፤ ከዚያ እጇን ይዛ፣ "ለመሆኑ ሕፃኑ አደገ?" አለቻት። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ሳቃቸውን እሰማ ነበር። ከእኔ ጋር እንደዚያ የሳቀችበት ቀን ራቀኝ።

በሆሳዕና ሰሞን ሚዛን ላይ ስትወጣ ያ ሁለት ኪሎ የለም፤ ከእሱም ጋር ሌላ ሄዷል። ልጁ፣ "ምን ተፈጠረ?" አለኝ።

ሕማማት ሲገባ ሰው አይሳሳምም፣ ሰላምታ አይለዋወጥም። ስለዚህ በእኛ ቤት ያለውን ዝምታ የሚጠይቅ አልነበረም። የጌታን ሕማም የምናስብ መስለን አምስት ቀን በአንድ ጣራ ሥር ኖርን። ጸሎት ልጸልይ ስቆም ቃል ይጠፋኝ ነበር። እናቴን አድንልኝ እንዳልል፣ አንተን መቼ ጠብቄ? ይቅር በለኝ እንዳልል፣ ይቅር የምትለኝ እዚያ ማዶ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

ስቅለት ዕለት ተደግፋኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰው ሁሉ ከጧት ጀምሮ ይሰግዳል፤ አቧራው ከነጠላው ላይ ይነሣል። እሷ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች። ሊመሽ ሲል፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ቄሶቹ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ሰው ተራ በተራ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፣ በሁዳዴው የበደለውን ይናገራል፣ ቄሱ በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው ይኸን ያህል ስገድ ይሉታል። እኛ የደረስንባቸው ቄስ ወጣት ናቸው፣ አያውቁንም።

እናቴ ጎንበስ አለች። "ሁዳዴን ወተት ጠጥቻለሁ።"

"ታመው ነው እናቴ?"

"ጠጥቻለሁ።"

በወይራው ቀስ ብለው ነኳት። "አርባ ይስገዱ።" ከዚያ ቀጭን ትከሻዋን አዩና፣ "ካልቻሉም ልጅዎ ትስገድልዎ" አሉ።

"አይሆንም። እሷ የራሷ አላት።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "አንችስ?"

"ዋሽቻለሁ አባ።"

"ማንን?"

"እኔን" አለች እናቴ፣ እንደ ጎነበሰች።

ቄሱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ምን እንዳሰቡ እንጃ። "አንችም አርባ" አሉኝ።

ጎን ለጎን ጀመርን። በአሥራ አንደኛው ጉልበቷ ከዳት፣ በእጇ መሬቱን ያዘች። ላነሣት እጄን ስዘረጋ፣ "ተይኝ። የራስሽን ቁጠሪ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ተቀመጠች ግንባሯን መሬት እያስነካች ሰገደች፤ በእያንዳንዱ መካከል ትንፋሿን ትጠብቃለች። እኔ ፈጥኘ መጨረስ እችል ነበር። ከእሷ ቀድሜ መቆም ፈራሁና አዘገየሁት፤ አንድ እሷ፣ አንድ እኔ። ስንጨርስ ግቢው ውስጥ ሰው ተመናምኖ ነበር። ግንባሯ ላይ አፈር ቀርቷል። ልጠርግላት አልደፈርሁም።

የፋሲካ ጧት ወተት አፍልቸ በብርጭቆ አቀረብሁላት። በሰፊው፣ በብርሃን፣ በሩን ከፍቸ።

"ምንድን ነው?"

"ወተት ነው እማየ።"

"እርግጥ ነው?"

"እርግጥ ነው።"

"በይ ቅመሽልኝ።"

ቀመስሁላት። ፊቴን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ተቀበለችኝና ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች። "ጣዕሙንስ ለምጀው ኖሯል" አለች። ይቅር ብየሻለሁ ያለችኝ ይኸ ነው ብየ ለመያዝ ሞከርሁ። ላይሆንም ይችላል።

መድኃኒቷን ጨርሳ ወደ ቁሐር ተመለሰች። እንግዲህ ድናለች፣ ሐኪሙ ብሏል። በሚቀጥለው ዓመት ስእለቷን ከአንድ ጀመረች፤ ያለፈውን ሁሉ ዓመት እንዳልተጾመ ቆጠረችው። ወንድሜ አልመጣም፤ ወሬውም አልመጣም፤ እናቴ ግን ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው። እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ይዠ እሄድ ነበር። ሽሮ ባቀርብላት፣ ቂጣ ብሰጣት፣ ውሃ እንኳ ብቀዳላት ሳትጠይቅ አትቀበለኝም። "ምን አለበት? ቅመሽልኝ።" በቁጣ አይደለም የምትለው፤ ሌላ ሰው እጁን ታጥቦ እንደሚቀርብ፣ ለእሷም የማዕድ ወግ ሆኖ ቀርቷል። እኔም ከመጠየቋ በፊት መቅመስ ለመድሁ። ጎረቤት ሲያይ እናትና ልጅ የሚጎራረሱ ይመስለዋል።

ሰው "ጾሙ ነው ወይስ ወተቱ ያዳናት?" ብሎ ይጠይቀኛል። አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ እናቴ ሁለት የምታምናቸው ነበሯት፤ አንዱ እግዚአብሔር ነው፣ ሁለተኛዋ እኔ ነበርሁ። እግዚአብሔር ልጇን አላመጣላትም፣ እሷ ግን እሱን ቅመስልኝ አላለችውም። እኔን ነው ያለችኝ።

በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ሳሉ ተመለሰባት። ውሃው ሜዳውን ሞልቶት ስለ ነበር ጉልበቴ ድረስ እየገባሁ ነው ቤቷ የደረስሁት። አምስት ቀን አብሬያት ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን አባ ያመጡላትን ጠበል በኩባያ ቀዳሁ። እንደ ልማዴ ልቀምስ ኩባያውን ወደ ከንፈሬ ሳነሣ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ሳትጠይቀኝ ጠጣች፤ ሦስት ጊዜ ፉት አለች።

አምናኝ ይሁን፣ መጠየቂያ አቅም አጥታ ይሁን አላወቅሁም። ዓይኗን አየሁ። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።